የደባርቅ ባህር

ደባርቅ ባህር ነበረን ስል የሚስቁብኝ ሰዎች ደባርቅን የሚያውቁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወርደው ሻይ ጠጥተው፣ ብርዱን ረግመው፣ ወደ ጉዳያቸው ያለፉ ናቸው። እኛ ግን ባህር ነበረን። ገበያውን አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ጅረቱ ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ለጥ ያለ መስክ አለ፤ በጥምቀት ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩት እዚያ ነው። ሙሉ ስሙ ጥምቀተ ባህር ነው። ሙሉ ስሙን ግን ከቄሶቹ በቀር የሚጠራው አልነበረም። «የት ዋልሽ?» «ባህር ወርጄ፣ ልብስ ሳጥብ።» «በጎቹስ?» «ባህር ናቸው።» ውሃው በክረምት ከጉልበት ያልፋል፤ በበጋ ግን በግ መሀሉ ቆማ ሆዷ አይረጥብም ነበር። ቢሆንም ባህር ከማለት ሌላ ስም ያሰበለት ሰው አላውቅም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት እኔ የቀበሌያችን ዜና አንባቢ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከእናቴ ጋር ስነታረክ ነው የከረምኩት። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስከራከር ሰምተውኝ ኖሮ «ይቺ ልጅ ስትናገር እስከ ሊማሊሞ ይሰማል» ብለው አስጠሩኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ገበያው ዳር በቆመ ረጅም ግንድ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ፣ በመኪና ባትሪ እየሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከግንዱ አጠገብ የተሠራ የእንጨት ማማ ላይ ወጥቼ የከተማውን ዜና እንዳነብ ሥራ ተሰጠኝ። ከተሜው ጡሩምባው ይለዋል። ዜና በማይኖርበት ቀን ቁራ ይሰፍርበት ነበር።

ዜናውም ዜና ነበር። ስኳር ለኅብረት ሱቅ ገብቷል። በደጁ ያለውን ቦይ ያልጠረገ ይቀጣል። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ፈተና አላችሁ። ግራ ጆሮዋ የተበሳ በግ ጠፍታለች። ከጃናሞራና ከጊች ገብስ ጭነው የመጡ ሰዎች ጭነታቸውን ሳያወርዱ ከግንዱ ሥር ቆመው ቀና ብለው ያዳምጡ ነበር። አንድ የጊች ሽማግሌ፣ የጠፋ ከብት ባነበብኩ ቁጥር ከታች ሆነው «መልኳ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ማይክራፎኑን ረስቼ «ቡራቡሬ ነው አባባ» እላለሁ። ሊቀመንበሩ ለዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል።

ዜናውን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። የቀበሌው የማስታወቂያ ኃላፊ የዳባት ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ካኪ ለባሽ፣ ደረቅ። ኋላ ስላገባሁት አሁን እንደ ልቤ ላማው አልችልም፤ ያኔ ግን በየዓረፍተ ነገሩ እንጣላ ነበር። ቦይ ተጠረገ ማለት አይሆንለትም። «ሰፊው ሕዝብ በቆሻሻ ላይ ድል ተቀዳጀ» ይላል። «ቆሻሻው ተማረከ ወይስ ሸሸ?» ብዬ ስጠይቀው ፊቱ ይቀላል። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን የሃይማኖት ቃል ነበር። መንግሥት አይወድም፤ ስለዚህ እሱም ይሰርዛል። ሚካኤል ሰፈር የሚባለውን «የላይኛው ሰፈር» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ በላይኛው ሰፈር ስብሰባ አለ ብዬ አንብቤ ማንም ሳይመጣ ቀረ፤ ለካ የሚካኤል ሰፈር ሰው ሁሉ ሌላ ሰፈር የተጠራ መስሎት ቤቱ ቁጭ ብሏል።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሾ ትሸጥ ነበር። ድሮ የጌሾ ተራ ውስጥ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ዜና ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ግን ዘንቢሏን አንስታ ከግንዱ ሥር ተተከለች። ልጇን ለማየት ነው ብለው የሚያወሩ ነበሩ። ለማየትስ ለማየት ነበር፤ እኔን ግን አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከሄደ ቆይቶ ነበር። ሥልጠናውን ጨርሶ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ሆኖ በአንድ ሾፌር በኩል ቃል ላከ፤ «ባህር አየሁ። ውሃው ጨው ነው፣ አይጠጣም፣ ልብስ አያጠራም። የእኛው ይሻላል» ብሎ። እናቴ የዚያን ቀን ሳቀች። ሾፌሩን አብልታ አጠጥታ፣ ቃሉን ደጋግማ አስብላ፣ «እህትህ በጡሩምባ ዜና ታነባለች በልልኝ» ብላ ላከችው። ከዚያ በኋላ ግን ከወንድሜ ምንም አልመጣም። ዓመት አለፈ። ከዓለም ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ልጇ በሕይወት አለ የሚል ቃል መስማት። ይምጣልኝ እንኳ ማለት ትታ ነበር። ይኑር ብቻ ነበር የምትለው።

አንብቤ ስወርድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«ዛሬም የለም?»

«እማ፣ ይሄ የቀበሌ ዜና ነው። ከቀበሌ አይወጣም፣ ከውጪም አይገባበትም።»

«ከአዲሳባው ሬዲዮ ምን ይለየዋል? ያም ጡሩምባ፣ ይሄም ጡሩምባ።»

እበሳጭ ነበር። አንዳንዴም ድምፄን ከፍ አደርግባታለሁ። እሷ ግን የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ዘንቢሏን ይዛ እዚያው ናት።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። ከላይ የወረደው ጎርፍ ድንጋዩንና አፈሩን አምጥቶ ባህራችን ላይ ዘረገፈው፤ መስከረም ሲጠባ ከባህሩ የቀረው ረግረግ ነው። በጎቹ እንኳ ሌላ ቦታ መጠጣት ጀመሩ። ኅዳር ላይ የቤተክርስቲያኑ አስተዳዳሪ፣ ሁላችንም አባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቀበሌ መጡ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«ጥር እየመጣ ነው ልጄ» አሉ ለሊቀመንበሩ። «ታቦት ጭቃ ላይ አይወርድም።»

ሊቀመንበሩ አንገታቸውን አከኩ። «አባ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ቀበሌው የሃይማኖት ሥራ አይሠራም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን...» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ጅረት መጥረግ ልማት ነው።»

«ልማት ይሁን። እኛ የመጣነው ለውሃው ነው፤ ስሙን እናንተ አውጡለት።»

በዚህ ተግባቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የልማት ዘመቻ ተባለ፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ አንድም ሰው አይናገርም። እንዲያ ያለ ዘመቻ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ለቀበሌ ሥራ ሲጠራ ወገቤን የሚለው ሁሉ ዶማ ይዞ ወረደ። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ እኛ በጆንያ አፈር እንጎትታለን። ጆንያውን የሰጡን ጨርቅ ነጋዴው ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፣ ሱቃቸው ከግንዱ ትይዩ ነው። ልጆቻቸውንም ዶማ አስይዘው ላኩ። «የእኔም በጎች እኮ ከዚሁ ነው የሚጠጡት» አሉ ሰው ሲያመሰግናቸው። ቀን ቀን እየተዘፈነ፣ እየተቀለደ፣ ገብስ ቆሎ እየተቆረጠመ ይዋላል። ጭቃው እስከ ጭኔ ደርሶ፣ ፀጉሬ በአፈር ተለውሶ፣ እንዲያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሰው እርስ በርሱ በሚፈራራበት ዘመን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አብሮ መሳቅ ምን እንደሆነ ያላየው አይገባውም።

እናቴም ወረደች። ለአፈሩ ግድ አልነበራትም፤ ድንጋይ ነው የምትፈልገው። አንድ ቀን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ስትል ውላ፣ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ፊቱ የለሰለሰ ድንጋይ አገኘች። ሁለት ወንዶች ለምና አስጎትታ ውሃው ዳር አስቀመጠችው።

«ይሄ ለምን ነው?» አልኳት።

«ልጄ ሲመጣ ቁጭ ብሎ እግሩን ይታጠብበታል።»

አንጀቴን በላችው። ጆንያዬን ይዤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

የባህሩ ዳር በድንጋይ ከተገነባ በኋላ ሊቀመንበሩ ልማት መሆኑ በደንብ እንዲታይ ፈለጉ መሰለኝ ችግኝ አስመጡ። ባህር ዛፍ ነበር። ዳርቻውን ሁሉ ዙሪያውን ተከልነው። ውሃ ይጠጣል ብለው ያጉረመረሙ አልጠፉም፤ ችግኙ ግን መጥቷል፣ የመጣ ችግኝ ደግሞ መተከል ነበረበት።

የዚያ ሳምንት ዜና ሲጻፍ አጠገቡ ነበርኩ። ኃላፊያችን «የደባርቅ ከተማ ሰፊው ሕዝብ ጥምቀተ ባህሩን» ብሎ ጀመረና ቆመ። ብዕሩን አነሳ። «ጥምቀተ» የምትለዋን እንደ ልማዱ ሰረዘ። ቀጠለ። ያነበብኩት ይሄ ነው፤ «የደባርቅ ከተማ ሰፊው ሕዝብ ባህሩን ከደለል አጸዳ። የባህሩን ዳርቻ በድንጋይ ገነባ። በባህሩ ዙሪያም ባህር ዛፍ ተከለ።» እኔም አንባቢዋ፣ እሱም ጸሐፊው፣ ከታች የቆመውም ገበያተኛ ምንም ስህተት አልታየንም። ባህር ባህር ነው። እሱም እንደ ሁልጊዜው አንዱን ግልባጭ ወደ ጎንደር ላከ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከላከው ሁሉ ምላሽ መጥቶለት አያውቅም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ምሽት የጨርቅ ነጋዴው ልጅ እየሮጠ ቤታችን መጣ። «ደባርቅ በሬዲዮ ተነሳች!» አለ። ሱቁ ስንደርስ ሰው ሞልቶታል። ዜናው በድጋሚ ይነበባል ተባለና ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ያ ወፍራም የከተማ ድምፅ እኛ የሠራነውን ነገር አነበበው፤ የደባርቅ ከተማ ነዋሪዎች የባህራቸውን ዳርቻ አለሙ አለ። የኃላፊያችን ቃላት ትንሽ ተነካክተዋል እንጂ የሱ ናቸው። ሱቁ በጩኸት ተናወጠ። እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ መነጽሩን ይጠርጋል።

እናቴ በር ላይ እንደቆመች ነጋዴውን ጠራቻቸው። «ምጽዋ ሬዲዮ አለ?»

«ወታደር ባለበት ሬዲዮ እንዴት ይጠፋል!» አሏት።

ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀና ብላ፣ ሠርግ እንደምትሄድ ሴት ነበር የምትራመደው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ስለ ከብት ክትባት እያነበብኩ ሳለ አንድ ላንድሮቨር ገበያውን እየሰነጠቀ መጣ። ጣራው ላይ ጀልባ ታስሯል። ጀልባ በሥዕል ነው የማውቀው፤ ቢሆንም ጀልባ መሆኑ አልጠፋኝም። ማይክራፎኑ እንደተከፈተ «ጉድ!» ብዬ ጮህኩ። ገበያው ሁሉ ሰምቶ ዞረ። ከመኪናው የወረደው ወጣት ትከሻው ላይ የዓሣ መረብ ጥሏል። ከክፍለ ሀገር ተልኮ የመጣ የዓሣ ባለሙያ ነው፤ አዲስ የለማውን ባህር ሊያጠናልን።

«ጓዶች፣ ባህሩ በየት በኩል ነው?» አለ።

ገበያተኛው በአንድ እጅ ቁልቁል አመለከተ። ማንም የሚያስቅ ነገር የጠየቀ አልመሰለውም። መኪናው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ እኔም ዜናዬን ጥዬ ወረድን። ያን ጊዜ ውሃው ከድንጋዩ አጥር ውስጥ ጠርቶ ተኝቷል፤ መሀሉ ላይ አንዲት በግ ቆማ ትጠጣለች፤ ውሃው ጉልበቷ ጋ ነው። ባለሙያው በጓን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እኛን አየ።

«ይሄ... መግቢያው ነው?»

«ኧረ ይሄው ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

ሄዶ የእናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየ፤ የሚያለቅስ መስሎን ስንጨነቅ እየሳቀ ነበር። ጨርቅ ነጋዴው ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉት፤ ጀልባውን ሰው ሁሉ እየዞረ ሲነካው ዋለ። እሱ ጨዋ ልጅ ነበር። የላኩት ግን አልሳቁም። መንግሥትን በሐሰት ዜና ያሳሳተው ማነው የሚል ቁጣ ከላይ ወረደ።

ያኔ ሂስና ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ነበር፤ ያጠፋ ሰው በስብሰባ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናዘዛል። ኃላፊያችን ቆመ። «ባህር የሌለውን ባህር አለ ብዬ ሰፊውን ሕዝብ አሳስቻለሁ» አለ።

«ምኑን አሳሳትከን?» አለች አንዲት ጠላ ሻጭ ከመሀል። «ባህር ነው እንጂ! እኔ ትናንት አይደል እንዴ ልብስ ያጠብኩበት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ «ሙሉ ስሙን ጽፈኸው ቢሆን ኖሮ እኮ ማንም ጀልባ አያመጣብንም ነበር ልጄ» አሉት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አሳዘነኝ፤ ያኔ በእሱ ማዘኔ ለራሴም ገርሞኛል።

ከሥራው አላባረሩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጡሩምባው ማስተባበያ እንዲነበብ ግን ታዘዘ። ማስተባበያው አጭር ነው፤ «በደባርቅ ከተማ ባህር የለም።» ያንን ወረቀት ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ጌሾዋን እያበጠረች ነበር። ምንድን ነው ስትለኝ አነበብኩላት። እጇ ቆመ።

«የፊተኛውን ሰምቶ ከሆነ ይሄንንም ይሰማል» አለች። «አገሬ እንዳለች ናት ብሎ ደስ ብሎት ተቀምጦ ሳለ፣ የለም ልትይው ነው?»

«እማ፣ ይሄ እኮ ከቀበሌ አይወጣም።»

«ያም አይወጣም ብለሽኝ ነበር።»

ሌሊቱን የተኛች አይመስለኝም። ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ከግንዱ ሥር ተቀመጠች፤ ወደ ላይ ግን አላየችኝም። ሊቀመንበሩ ከበታች ቆመዋል፤ ኃላፊው አጠገቤ ነው። ማይክራፎኑን ያዝኩና «በደባርቅ ከተማ ጀልባ የሚሄድበት ባህር የለም» ብዬ አነበብኩ። ሁለቱ ቃላት ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ኃላፊው ዞሮ አየኝ። ቃሉ የሱ፣ አንገቱም የሱ ነው፤ አንድ ነገር ቢል ማንም አይፈርድበትም። ዝም አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ዘጋው። እኔ እሱን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው መሰለኝ፤ እሱ ግን ቆሻሻው ተማረከ ወይ ካልኩት ቀን ጀምሮ ነው ይላል።

ጥምቀት መጣ። ታቦታቱ በጠራ ውሃ ዳር አደሩ። አባ ውሃውን ባርከው ሲረጩ ሊቀመንበሩ፣ ለቁጥጥር ነው የመጣሁት ያሉት ሰውዬ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አናታቸውን ሲሰጡ አይቻቸዋለሁ። እናቴ ድንጋዩ አጠገብ ቆማ ነበር።

የባህራችን ወሬ በመንገዱ ሁሉ ተዳረሰ። የአውቶቡስ ረዳቶች ደባርቅ ሲገቡ «ባህር ወራጅ አለ?» እያሉ ይቀልዱብን ጀመር። ተሳፋሪው ይስቃል፤ እኛም እየሳቅን እንራገማለን። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎንደር የመጣው አውቶቡስ ቆመና ረዳቱ እንደ ልማዱ «ባህር ወራጅ!» አለ። «አለ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክራንች ወጣ፤ ከክራንቹ ኋላ አንድ እግር፤ ከዚያ በኋላ ወታደሩ። ሌላኛው የሱሪው እግር ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ያዩ ሰዎች ኋላ እንደነገሩኝ፣ ረዳቱ የሚገባበት ጠፍቶት የወታደሩን ሻንጣ አቅፎ ቆመ።

«ባህሩ የት ነው?» አለ ወታደሩ። «እህቱ በጡሩምባ ዜና የምታነብ ልጅ ቤትስ?»

ወደ እኔ አመጡት፤ እኔም ወደ ቤት ወሰድኩት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤታችን ድረስ ልጠይቀው ፈርቼ ሻንጣውን ይዤ ከፊት ከፊቱ ሄድኩ። እናቴ በር ላይ አየችን። ዩኒፎርሙን ስታይ ግድግዳውን ያዘች።

«ደህና ነው እማማ» አለ ገና ከሩቅ። «ደህና ነው። እኔ ከሱ ነው የመጣሁት።»

አስቀመጥነው። ውሃ ጠጣ። የጃናሞራ ልጅ ነው፤ ቆስሎ፣ ሆስፒታል ከርሞ፣ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ማለፉ ነው።

«ምሽጋችን ባህሩ ዳር ነበር» አለ። «ማታ ዜና ስንሰማ ይሄ የደባርቅ ነገር መጣ። ልጅዎ ጋደም ብሎ ነበር፤ ብድግ አለ። የእኛ ባህር ነው! እያለ ጮኸ። ፊት ለፊታችን መርከብ ቆሟል። እስቲ የእናንተው ስንት መርከብ ይይዛል? ብለን ሳቅንበት። መርከብ አይይዝም፣ የሚይዘው ታቦት ነው አለን።»

እናቴ ዓይኗን አልነቀለችበትም።

«ከዚያ በኋላ ነው እኔ የቆሰልኩት። ተሸክሞ ያወጣኝ እሱ ነው። መኪና ላይ ሲጭነኝ፣ በደባርቅ ማለፍህ አይቀርም፤ ባህራችን ውረድና እየው፤ እናቴን ደህና ነው በልልኝ አለኝ።»

«የኋለኛውንስ?» አለች እናቴ። «የለም የተባለውን ሰማ?»

ወታደሩ ግራ ገባው። «የለም የሚል አልሰማንም እማማ። አለ ነው ያሉት።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እልል ብላ አለቀሰች፤ ጎረቤቱ ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ መጣ። አለ! አለ! ብቻ ነው የምትለው፤ ልጇን ይሁን ባህሩን ማንም አልለየም።

እህል ከቀመሰ በኋላ ይዛው ወረደች። ቁልቁለቱ ለክራንች አይመችም፤ እኔ በአንድ ወገን፣ የወደፊቱ ባሌ በሌላው ደግፈነዋል። ለልጇ ያስጎተተችው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ጫማውን ፈታች። እምቢ ቢላት አልሰማችም። ከባህሩ በእጇ እየዘገነች እግሩን አጠበችው፤ በዝግታ፣ ጣት በጣት። ስትጨርስ እንደገና ዘገነችና በተጣጠፈው ሱሪ ላይ ረጨች፤ ልክ በጥምቀት ቄሶቹ እንደሚረጩት። ወታደሩ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። በማግስቱ በቅሎ ተፈልጎለት ወደ ጃናሞራ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከወንድሜ ምንም አልሰማንም። ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩ ተበተነ፤ በየመንገዱ ጨርቁ ያለቀ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ሲጎርፍ ከረመ። እናቴ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጌሾ መሸጥ ጀመረች። ብዙዎች መጡ። የእኛው አልመጣም። ሰዎች ተዝካር ይውጣለት ሲሏት ትቆጣ ነበር። «ልጅሽስ?» ሲሏት ደግሞ መልሷ አንድ ነው፤ «ባህር ወርዷል።»

ውሸት አልነበረም፤ በምጽዋውም ቢሆን ወርዷል። እሷ ግን የምትለው ስለ ታቦት እንደምንለው ነው። ታቦት ባህር ወረደ ስንል ዛሬ አድሮ ነገ ይወጣል ማለታችን ነው፤ እዚያው ይቀራል ብሎ የሚያስብ የለም። ይህንን ስለምናውቅ ደፍሮ የሚመልስላት አልነበረም። እሷም እንዲያ እንዳለች ሞተች።

ባህር ዛፎቹ አደጉ። ትልልቅ ሆኑና እንደተፈራው ውሃውን ጠጡት፤ ዛሬ በጥምቀት ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፣ ወደ ሲሚንቶ ገንዳ ይገለበጣል። ባሌ ጡረታ ወጥቷል። ጥምቀት ሲደርስ አብረን እንወርዳለን፤ አሁንም ሰው ሁሉ ባህር ወረድን ነው የሚለው። የእናቴ ድንጋይ እዚያው አለ። በማግስቱ ታቦታቱ ሲነሱ ሕዝቡ እልል እያለ ዳገቱን ይወጣል። እናቴ በሕይወቷ ሳለች ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ወደኋላ ትቀር ነበር፤ ሌላ የሚወጣ ካለ ብላ። እኔም አሁን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ እቆያለሁ፤ ባሌም ክንዴን ይዞ ሳይጎተጉተኝ ይጠብቀኛል።